ያመለጠ ተጫዋችና የተጠራ ዋጋ፦ በደብረ ማርቆስ ስለሚሰማው የዝውውር ቁጭት የቀረበ ትችት

ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ዝውውር በተማሪዎች የምርምር መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቀልድ ሊቈጠር ይችላል። እኛ ግን ጉዳዩን በዚህ ዐይን አላየነውም። በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ ይኸውም በጎዛምን፣ በአነደድ፣ በማቻከል፣ በስናንና በደብረ ኤልያስ፣ ወጣቱ በክረምት ወራትና በጥር ከሚከራከርባቸው ነገሮች ዋነኛው፣ የሚደግፈው የእንግሊዝ ቡድን ማንን ሊገዛ እንደ ነበረ፣ ለምን እንዳመለጠው፣ የተጠየቀውም ዋጋ ተገቢ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ጊዜውን የሚሰጠው ንግግር የራሱ ቃላት፣ የራሱ ሥርዐትና የራሱ ስሕተት አለው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ንግግር ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የጎጃም ሰው ስለ ዋጋ በሚገባ ለማሰብ የሚያስችለው የቆየ የገበያ ዕውቀት አለው፤ ስለ ተጫዋች ሲነጋገር ግን ይህን ዕውቀት ቤቱ ትቶት ይወጣል። በዚህም ምክንያት የሩቁን ሰው ዋጋ በትክክል ሳይመዝን፣ የቅርቡንም ልጅ ዋጋ ጨርሶ ሳይጠይቅ ይቀራል። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን ዘመን እንጽፋለን።

፩. የቁጭቱ ንግግር

በከተማው ዲኤስቲቪ ቤቶች ከጨዋታ በፊትና በኋላ የሚሰማውን ክርክር ያዳመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው፣ ደጋፊው ስለ ቡድኑ ሲናገር «እኛ» ማለቱን ነው። «ገዛን»፣ «ሸጥን»፣ «ተነጠቅን»፣ «ሰስተን አጣነው» ይላል። ከቡድኑ አንድ አክሲዮን የለውም፤ ሜዳውንም በዐይኑ አላየም፤ የሚከፍለው የመግቢያውን ሒሳብና የሻዩን ዋጋ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ባለቤትነት ይመስላል። ሆኖም ይህን ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የላሟ ባለቤት ነኝ ባዩ ስለ ላሟ ምን እንደሚል መስማት ያስፈልጋልና።

ክሱ ሁለት ዐይነት ነው። ቡድኑ ተጫዋቹን ሳይገዛው ከቀረ ክሱ ስስት ነው፤ «10 ሚሊዮን ቢጨምሩ ኖሮ የእኛ ነበር» ይባላል። ገዝቶት ተጫዋቹ ሳይጠቅም ከቀረ ክሱ ብክነት ነው፤ «ያለ ዋጋው ገዝተው ገንዘብ ጣሉ» ይባላል። ሁለቱን ክሶች አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ምሽት፣ ሲያቀርባቸው ሰምተናል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ተናጋሪው የሚመዝንበት ሚዛን አስቀድሞ የተቀመጠ አይደለም፤ ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚበጅ ሚዛን ነው። ያመለጠው ሁሉ ርካሽ ነበር፤ የተገዛው ሁሉ ውድ ነበር።

ለዚህ ጥፋት የወሬ አቅራቢዎቹም ድርሻ አለባቸው። በሬዲዮና በስልክ የሚደርሰው የዝውውር ወሬ የተለመዱ ቃላት አሉት፤ «ለመፈረም ከጫፍ ደርሷል»፣ «በግል ተስማምቷል»፣ «የቀረው የሕክምና ምርመራ ብቻ ነው» የሚሉት ናቸው። እነዚህ ቃላት ገና ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርገው ያቀርባሉ። ሰሚው ተጫዋቹን በልቡ ካሰለፈው በኋላ ነገሩ ሲፈርስ፣ ያልነበረው ነገር መቅረቱ ሳይሆን የነበረው ነገር መዘረፉ ይሰማዋል። ቁጭቱ ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ቁጭት ሥራ ፈትነት ብቻ ነው የሚሉትን ግን አንቀበልም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ሊቨርፑልና ቼልሲ ሞይሰስ ካይሴዶ በተባለው የኢኳዶር ተጫዋች ላይ የተሻሙት በዚያው ሰሞን ነበር። ወሬው በሬዲዮና በሰው አፍ እየተንከባለለ እዚህ ደረሰ። በዚያ የጭንቅ ወቅት የካይሴዶን ዋጋ መጠየቅ የሚያስቅ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እንደሚመስለን ግን፣ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለ ሥጋት ሊከራከርበት የሚችል ነገር ባነሰበት ጊዜ፣ በሩቅ አገር ስለሚሸጥና ስለሚገዛ ተጫዋች መከራከር የሚንቁት ነገር አይደለም። የምንተቸውም የክርክሩን መኖር ሳይሆን የክርክሩን ሚዛን ነው።

፪. የበሬ ገበያ ትምህርት

በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ ሻጩ የጠራውን ዋጋ የበሬው ዋጋ ነው ብሎ አይቀበልም። የተጠራው ዋጋ የንግግር መጀመሪያ ነው። ገዢው የበሬውን አፍ ከፍቶ በጥርሱ ዕድሜውን ያውቃል፤ ጫንቃው ቀንበር መልመዱንና አለመልመዱን ይዳብሳል፤ አስኪዶ ያየዋል፤ ልግመኛ ወይም ተዋጊ መሆኑን ከሚያውቁት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ስለ በሬው ሳይሆን ስለ ሻጩ ማጣራት ይጀምራል። ይህ ሰው ለምን ይሸጣል? ዕዳ አለበትን? ልጁን ሊድር ነውን? የማዳበሪያ ክፍያ ደርሶበት ነውን? ወይስ ሳይቸግረው ገበያውን ሊያይ ብቻ የወጣ ነው? የቸገረው ሻጭ ዋጋ ይቀንሳል፤ ያልቸገረው ሻጭ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በእርሱም ላይ የሚቈጣ የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ራሱ ስለ ገዢው ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋራ መቀናጆ ገብቶ ተራ በተራ ማረስ ይችላል። ነገር ግን የእርሻው ጊዜ ደርሶ ከጥማዱ አንዱ የሞተበትና የሚቀናጀው ያጣ ሰው፣ በጥር ከሚከፍለው አብልጦ በሰኔ ይከፍላል፤ ጎረቤቱም «ተሞኘ» አይለውም። ደግሞም በሬ የሚገዛው ለብቻው እንዲያርስ አይደለም። ቁመቱና ጉልበቱ በቤት ካለው በሬ ጋራ ካልተስተካከለ ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ ለአንዱ ገበሬ ውድ የሆነው በሬ ለሌላው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

እንግዲህ ገበሬው በልቡ ሦስት ነገሮችን ይለያል። የመጀመሪያው ሻጩ የጠራው ዋጋ ነው። ሁለተኛው በሬው ለዚህ ገዢ፣ በዚህ ወቅት፣ ከዚህ ጥማድ ጋራ የሚሰጠው ጥቅም ነው። ሦስተኛው ሁለቱ ወገኖች እንደየችግራቸውና እንደየአቅማቸው ተነጋግረው የቈረጡት ዋጋ ነው። ደጋፊው ሦስቱን አንድ አድርጎ «የተጫዋቹ ዋጋ 70 ሚሊዮን ነው» ይላል፤ ዋጋው በተጫዋቹ ግንባር ላይ የተጻፈ ይመስል። አንዳንዱ ማስረጃው ትራንስፈርማርክት በተባለው የጀርመን ድረ ገጽ ላይ ያየው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በተጠቃሚዎች ውይይት ላይ የተመሠረተ ግምት ነው፤ ማንም የከፈለው ገንዘብ አይደለም። በገበያ ቆሞ «ይህ በሬ ይህን ያህል ይመስለኛል» ከሚል መንገደኛ ቃል ብዙም አይለይም።

፫. ሦስት ያመለጡ ተጫዋቾች

ይህን ሚዛን በታወቁ ምሳሌዎች ላይ እንሞክረው።

የመጀመሪያው የሊዊስ ሱዋሬዝ ነው። በ2013 አርሰናል ለዚህ የኡራጓይ አጥቂ ለሊቨርፑል 40,000,001 ፓውንድ አቀረበ። በአገራችን ያሉ የአርሰናል ደጋፊዎች ይህችን 1 ፓውንድ እስከ ዛሬ የስስት ምልክት አድርገው ያነሷታል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በተጫዋቹ ውል ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሲቀርብ የሚሠራ አንቀጽ አለ ተብሎ ስለ ታመነ፣ 1 ፓውንዷ በሩን እንድትከፍት የታሰበች ቁልፍ ነበረች። በሩ አልተከፈተም። የሊቨርፑል ባለቤት ጆን ሄንሪ በ2014 በተናገሩት ቃል አንቀጹ እንደ ነበረ፣ እነርሱ ግን ላለመሸጥ እንደ ወሰኑ ገለጹ። ሱዋሬዝ በቀጠለው ዓመት በሊጉ 31 ጎል አገባ፤ በ2014 ክረምትም ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ዋጋ ወደ ባርሴሎና ሄደ። ይህ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሻጭ ታሪክ ነው። አርሰናል ሊነቀፍ የሚችለው በስስቱ ሳይሆን፣ ያልቸገረውን ሻጭ በወረቀት አስገድደዋለሁ ብሎ በማሰቡ ነው። ደግሞም በዚያው ዝውውር መዝጊያ፣ መስከረም 2 ቀን በእነርሱ አቈጣጠር፣ ለሜሱት ኦዚል 42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መክፈሉ ሲታይ፣ ገንዘብ የለውም ወይም አያወጣም የሚለው ክስ አይቆምም።

ሁለተኛው ምሳሌ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ያስቈጣው የፍሬንኪ ዴ ዮንግ ጉዳይ ነው። በ2022 ዩናይትድ ይህን የኔዘርላንድ አማካይ ከባርሴሎና ለመግዛት ክረምቱን ሙሉ ደከመ። ሁለቱ ቡድኖች በዋጋው እንደ ተቀራረቡ በሰፊው ተነገረ፤ ተጫዋቹ ግን አልመጣም። ባርሴሎና ለሌላ ጊዜ ያስተላለፈበት ደመወዝ እንደ ነበረና እርሱም ከዚያ ከተማ መልቀቅ እንደማይፈልግ ተጻፈ። በዚህ ላይ «ገንዘብ ቢጨምሩ ኖሮ» የሚለው ንግግር ምንም ቦታ የለውም፤ ሻጩ ሊሸጥ ፈቅዷል፤ ገዢው ሊከፍል ፈቅዷል፤ ያልፈቀደው የሚሸጠው ራሱ ነው። የበሬ ገበያ ምሳሌያችን የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው፤ በሬ አይጠየቅምና። ዩናይትድ በዚያው ነሐሴ ካሴሚሮን ከሪያል ማድሪድ ገዛ፤ እርሱም በየካቲት 2023 የሊግ ዋንጫው ፍጻሜ ላይ ጎል አግብቶ ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ።

ሦስተኛው ምሳሌ በጥር 2023 አርሰናል ሊጉን ሲመራ የተከሠቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያ አርሰናል ሚካይሎ ሙድሪክ የተባለውን የዩክሬን ተጫዋች ከሻክታር ዶኔትስክ ለመግዛት ደጋግሞ ዋጋ አቀረበ፤ ቼልሲ ግን 70 ሚሊዮን ዩሮ፣ በኋላም እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርስ ጭማሪ እከፍላለሁ ብሎ ለ8 ዓመት ከመንፈቅ አስፈረመው። ቀጥሎ አርሰናል ካይሴዶን ከብራይተን ጠየቀ፤ 60 ሚሊዮን፣ ከዚያም 70 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳቀረበ ተዘገበ፤ ብራይተን እምቢ አለ። የአርሰናል ደጋፊ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ቃል፣ «ሰስተን» በሚል ቃል፣ ያጠቃልላቸዋል። የሁለቱን ሻጮች ሁኔታ ብናይ ግን አንድ አይደሉም። ሻክታር ከ2014 ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ከከተማው ተሰድዶ የሚኖር ቡድን ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሪናት አክሜቶቭም ከሽያጩ 25 ሚሊዮን ዶላር ለዩክሬን ወታደሮችና ለቤተ ሰቦቻቸው እንደሚሰጡ አስታወቁ። ይህ ሻጭ ገንዘቡን የሚፈልግ ነው፤ ብዙ ለሚሰጠው ይሸጣል። ብራይተን ግን በውድድሩ እኩሌታ አማካዩን ቢያጣ የሚተካው ያልነበረው፣ ገንዘብም ያልቸገረው ሻጭ ነበር። ለመጀመሪያው መልሱ ገንዘብ ነበር፤ ለሁለተኛው መልሱ ጊዜ ነበር።

ጊዜውም ዋጋውን ምን እንዳደረገው ታየ። ብራይተን ካይሴዶን በ2021 ከኢኳዶሩ ኢንዲፔንዲየንቴ ዴል ቫዬ ሲገዛው የከፈለው ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ እንደማይበልጥ ይታወቃል። በነሐሴ 2023 ሊቨርፑል በ111 ሚሊዮን ፓውንድ እንደ ተስማማ ተነገረ፤ ተጫዋቹ ግን ቼልሲን መረጠ፤ ቼልሲም 100 ሚሊዮንና እስከ 15 ሚሊዮን ጭማሪ ለመክፈል ተስማማ። ሊቨርፑል ፊቱን ወደ ጀርመን አዙሮ ዋታሩ ኤንዶን ከሽቱትጋርት በጥቂት ገንዘብ አመጣ። አርሰናልም ሙድሪክ ባመለጠው በሳምንቱ የገዛው ሊያንድሮ ትሮሳርድ በ2023/24 በሊጉ 12 ጎል አገባ። እነዚህን የኋላ ውጤቶች የጠቀስናቸው የቡድኖቹ ሹማምንት ሁልጊዜ ብልሆች ናቸው ለማለት አይደለም፤ በኋላ የተገኘ ጎል ቀድሞ የተደረገን ውሳኔ ጥበብ አያደርገውም። ለማለት የፈለግነው፣ በቁጭቱ ምሽት ደጋፊው «አለቀልን» ሲል የማያውቀው ነገር ከሚያውቀው እንደሚበዛ ነው።

፬. «ጠለፋ» ስለሚለው ቃል

አንድ ቡድን የፈለገውን ተጫዋች ሌላው ቡድን ቀድሞ ሲወስደው በአማርኛ የስፖርት ወሬ «ጠለፈው» ይባላል። ይህን ቃል ለብቻው መተቸት እንወዳለን።

ጠለፋ በአገራችን ምን እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። ልጅቱ ሳትጠየቅ፣ ወላጆቿ ሳይፈቅዱ፣ በጉልበት የምትወሰድበት ክፉ ልማድ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይቀጣበታል። ቃሉ ወደ እግር ኳስ ሲሻገር ይዞት የመጣው ትርጉም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተጫዋቹ አስቀድሞ የታጨልን ነበር የሚል ነው። ሁለተኛ፣ የተወሰደው ያለ ፈቃዱ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ካይሴዶ በነሐሴ 2023 የሆነውን ስናይ፣ ሊቨርፑል ከብራይተን ጋራ ሲስማማ ካይሴዶን አላስማማውም ነበር። እርሱ ወደ ወደደው ሄደ። በቃሉ ግን የመረጠው ሰው እንደ ተጠለፈ ሆኖ ይነገርለታል፤ ብቸኛው ፈቃደኛ ሰው ፈቃዱ ይሰረዝበታል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ ተጫዋቾች ይህን ፈቃድ ያገኙት በትግል እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1961 ድረስ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ይኖር ነበር። ውሉ ያለቀ ተጫዋችም ቡድኑ ካልፈቀደለት ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። ጆርጅ ኢስትሃም የተባለው ተጫዋች ከኒውካስል ወደ አርሰናል ለመሄድ ከልክለውት ስለ ነበር ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በ1963 ዳኛው ዊልበርፎርስ ተጫዋችን ያለ ፈቃዱ ይዞ ማቈየት ተገቢ ያልሆነ የሥራ ገደብ ነው ብለው ፈረዱ። በታኅሣሥ 1995 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅጉ ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ገንዘብ ወደ ሌላ አገር ቡድን መሄድ እንደሚችል ጸና። «ተጠለፍን» የሚል ደጋፊ ሳያውቀው ከኢስትሃም በፊት ወደ ነበረው ሥርዐት መመለስ የሚመኝ ይመስላል። የአርሰናል ደጋፊ ይህን ቢል ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ኢስትሃም በመጨረሻ የደረሰው አርሰናል ነውና።

፭. ዋጋ ያልተጠራለት ልጅ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይም እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በዲኤስቲቪ መታየት ጀምሮ ነበር። የ5 ዓመቱ የቴሌቪዥን ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የካይሴዶ አንድ ዝውውር ብቻ ከዚህ ከ6 እጥፍ በላይ ነው። በዚያው ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ፤ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስርም 29 ጎል አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ስለ ካይሴዶ ጭማሪ ክፍያ ዝርዝሩን በቃሉ የሚያውቅ ደጋፊ ስለ አቡበከር ዝውውር ግን «ሄደ» ከማለት አያልፍም።

ስለ አገር ውስጥ ዋጋ ክርክር የለም ማለታችን አይደለም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ በተወሰነ ጊዜ ብዙ ተባለ። የእኛ አብዛኞቹ ቡድኖች ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በጀት የሚተዳደሩ ስለ ሆነ፣ «የሕዝብ ገንዘብ ለምን ለኳስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ነገር ግን እንግሊዞች በ1961 የተዉት ዐይነት ጣሪያ ሲበጅ፣ ገንዘቡ በሌላ በር እንዳይወጣ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባ ነበር። ከመዝገብ ውጪ ይከፈላል የሚለው ሐሜት ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ጨርሶ አልተነሣም። የተከራከርነው ተጫዋቹ ስንት ይብላ በሚለው ላይ ነው፤ ያሳደገው ሜዳ ምን አገኘ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በአገራችን ተጫዋች የሚዘዋወረው ብዙ ጊዜ ውሉ ሲያልቅ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ በደመወዝና በፊርማ ክፍያ መልክ ለራሱ ይሰጣል። ይህ የተጫዋቹ መብት ነው። ነገር ግን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠነው የወረዳ ቡድን ባዶ እጁን ይቀራል።

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊፋ ደንብ ለዚህ መልስ አለው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በዝውውር ገንዘብ ወደ ሌላ አገር ቡድን ሲሸጥ፣ ከገንዘቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ቡድኖች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላሉት ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ 0.5 በመቶ ይደርሳል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቡድን አንድን ልጅ እነዚያን የመጀመሪያ 4 ዓመታት ብቻ ቢያሠለጥነው ድርሻው 1 በመቶ ነው። ልጁ አድጎ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ 10,000 ዶላር፣ እንደ ካይሴዶ በ100 ሚሊዮን ቢሸጥ 1 ሚሊዮን ይሆናል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የአሠልጣኙ ድካም የተቈረጠ ዋጋ ነው።

ነገር ግን ይህን ገንዘብ የሚጠይቅ ቡድን ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ልጁ በየትኛው ቡድን፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደ ተጫወተ በፌዴሬሽን መዝገብ ተጽፎ መገኘት አለበት። ፊፋ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በማጣሪያ ቤቱ አማካይነት ክፍያውን የሚያከፋፍለው በዚህ የምዝገባ ታሪክ ነው። በደብረ ማርቆስ ሜዳና በየወረዳው የትምህርት ቤት ሜዳ ባዶ እግራቸውን የሚጫወቱት ልጆች ስማቸውና የተወለዱበት ቀን የተጻፈበት መዝገብ ስንቱ ጋ አለ? ከዋናው ሊግ በታች ባሉት ሊጎች ሲጫወት የኖረውን የከተማችንን ቡድን፣ ደብረ ማርቆስ ከተማን፣ ከየትኛው መንደር የመጡ ልጆች ሲያቆሙት እንደ ኖሩ ከእኛ መካከል ዘርዝሮ የሚነግረን ስንቱ ነው? የሙድሪክን የ8 ዓመት ከመንፈቅ ውል የምናውቅ ሰዎች፣ በአጠገባችን ያለውን ልጅ የተመዘገበበትን ዓመት አናውቅም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

፮. ስለ ተቃውሞውና ስለ ማጠቃለያው

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው ከደጋፊው ወገን ነው፤ «ኳስ የምናየው ልንደሰት ነው፤ ሒሳብና ሕግ ምን አመጣው?» የሚል ነው። መልሳችን፣ ሒሳቡን ያመጣው ራሱ ደጋፊው ነው የሚል ነው። ስለ ጨዋታው ውበት ብቻ ቢነጋገር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። ዋጋ ካነሣ ግን የዋጋን ሥርዐት ሊያከብር ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከታላላቆቻችንና ከአንዳንድ መምህራን የሚመጣ ነው፤ «ጎጃሜ ስለ ለንደን ቡድን ምን አገባው?» የሚል ነው። ከዚህም አንስማማም። የውል ዘመን፣ በመቶ የሚሰላ ድርሻ፣ የሻጭና የገዢ ችግር፣ የሠራተኛ ፈቃድ፣ እነዚህ ሁሉ በኢኮኖሚክስና በሕግ ክፍል የምንማራቸው ነገሮች ናቸው። በዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠው ወጣት ያለ መምህር፣ በፍቅር ብቻ፣ ብዙውን ደርሶበታል። ይህን ያህል የማስታወስ ኀይል ያለውን ሰው ዝም በል ማለት አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ጥያቄውን ማስተካከል ነው።

ስለዚህ ዝውውር በፈረሰ ጊዜ «ስንት ቢጨምሩ?» ከማለት አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠየቁ እንመክራለን። ሻጩ ለመሸጥ ተቸግሯልን? ተጫዋቹ በገዢው ጥማድ ውስጥ ካለው ጋራ ቀንበሩን ያስተካክላልን? ተጫዋቹስ ራሱ ፈቅዷልን? ሦስቱን ጠይቆ ከዚያ በኋላ የሚቈጣ ደጋፊ ቁጣው ልክ ይሆናል፤ ቡድኑም በእርግጥ ሰስቶ ወይም አባክኖ ከተገኘ ክሱ ይጸናል።

ለራሳችን ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ እናቀርባለን። በዕረፍት ወራት ወደየወረዳችን ስንመለስ፣ ከትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህርና ከቀበሌው ቡድን አሠልጣኝ ጋራ ተነጋግረን፣ ዕድሜያቸው 12 የሞላቸውን ተጫዋቾች ስም፣ የልደት ቀን፣ የወላጆች ፈቃድ፣ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን የሚይዝ መዝገብ እንዲጀመር እንርዳ፤ ቡድኑም በወረዳና በዞን ፌዴሬሽን በሕጋዊ መንገድ እንዲመዘገብ እናስረዳ። ወጪው አንድ ደብተርና ጥቂት የእግር መንገድ ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ድንበር ተሻግሮ ቢሸጥ፣ የአነደድ ወይም የማቻከል ቡድን ያን ደብተር ይዞ ድርሻውን መጠየቅ ይችላል።